የቁም ሣጥኑ በር

ከተነቀለ ድፍን ሦስት ክረምት፣
የቁም ሣጥኔ በር፣ ባለመስታወት፣
ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ሲጠጣ፣
ዛሬ አርብ ከሰዓት ታዝሎ ማንጎው ሥር ወጣ።
በሎሚ ልጣጭ አሸሁት፣ በአመድ ፈተግሁት፣
በሁለት የለስላሳ ሣጥን ላይ አጋደምሁት፣
ፊቱን ወደ ላይ፤
እንደ ትንሽ ጣና ረግቶ ያዘልኝ የሽምብጥን ሰማይ።

ወይዘሮ ባንቻየሁ፣ ያከራዩኝ ሴት፣ ብቅ አሉ በመስኮት፤
«ማኅበር ነው? ክርስትና? የማን ነው ድግሱ? ማን ሊመጣ ነው ቤት?»
«ምንም የለም እትዬ፣ እንዲሁ ነው» አልኋቸው።
«እንዲሁ?»
ቃሉን አላመጡት፣ ጠጠር እንዳለው ቆሎ አልዋጥ አላቸው።

ቀድሜ ጥጉን ያዝሁ።
ከታች በስተግራ ስንጥቅ አለ፣ ክንድ የሚያህል፣ ቀጭን፣
ከግሽ ዓባይ ሰፈር ዕቃ ያመጣን ቀን፣
አራት ሰው ተሸክሞት፣ አራቱም ዝም ያሉበት፤
እኔም አልጠየቅሁ፣ እነሱም አላሉት።
ቆሎውን እዚያ ላይ ቆለልሁት አብዝቼ፣
ገብሱን ከሽምብራው፣ ከሱፉ አጋብቼ።
ኦቾሎኒውን ሳልፈለፍል ከነልብሱ ተውሁት፤
አታላይ እጁ ካልባከነ ምላሱን ማን ሊችልበት።

አሁን መጣ ጭንቁ፦
እንየው ጾመኛ ነው፤ ዓሣ ያየውን ሹካ አይነካም።
ትሁነኝ ትስቃለች፤ «ዓሣ የውኃ ጎመን ነው፣ ጾም አያፈርስም!»
እኔንና ሐያትን ከሥጋ ወገን አንድ ሰሃን የሚያቆርሰን
ይኸው ዓሣ ነው፤ እሱንም ካስቀረሁ ምን ሊተርፈን?
ሎሚ ከተፍሁ፤ ክብ ክቡን ደረደርሁ ከዳር እስከ ዳር፣
በመስታወቱ ወገብ አሰመርሁ ድንበር።
ከወዲያ የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ዳጣው በስኒ ማስቀመጫ፣ አይብ ለሐያት፤
ከወዲህ የሽምብራ ዓሣ፣ በቢላ ጫፍ ጅራት ያወጣሁለት፣
ዓይኑ ቅርንፉድ።
ሁለቱ ዓሦች በሎሚው አጥር ላይ ተያዩ፤
ከሥራቸው ደግሞ፣ ሆዳቸውን ወደ ላይ፣ ሌሎች ሁለት ታዩ።

ጣና ነፋስ ላከ፣
ደንገሉ ተንሾካሾከ።
እንየው ባጃጁን አቁሞ፣ ሙዝ በፌስታል፣ ዘይቱን በቆቡ፣
ሐያት ተምርና የምስር ሳምቡሳ ይዛ ሲገቡ፣
ቦታ የለም። በሩ ጠበበ።
ትሁነኝ በአንድ ጣቷ ሎሚውን ሸርተት አደረገችው ወደ ጎን፤
«ድንበር ገፋች!» ተባለ፤ ለጾመኛም ላልጾመም የሚሆነውን
ሳምቡሳውን ዳኛ አደረግን።

መብራት ሄደ።
ማንም «ኧረ» አላለም፣ ለምደነዋል።
አንድ ስልክ በራ፤ መስታወቱ ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ላይ መልሷል፣
ከአገጫችን ሥር እያበራ።
ወይዘሮ ባንቻየሁ «ክብሪት ልዋስ» ብለው መጡ፤
ክብሪቱን ተቀበሉ፤
ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ማን ምን እንደበላ አልቆጠርሁም።
እጅ ሲመላለስ ቦታው ተራቆተ፣ ፊት በቀለበት፦
አይብ በነበረበት የሐያት ጉንጭ፣
ሙዝ በነበረበት የእንየው ሳቅ፣ ግማሹ።
ቁልሉም እየጎደለ፣ እየሳሳ፣
ስንጥቁ ብቅ አለ፤
በአታላይ አገጭ ላይ አረፈ፣ እንደ ጠባሳ።

ኦቾሎኒውን ተወ።
«እኔ ነኝ» አለ። «ጉልበቴ ነው፣ ደረጃው ላይ። ልነግርሽ ነበር፤
ቀድመሽ አመሰገንሽኝ። ከምስጋና በኋላ እንዴት ይነገር?»
ሦስት ክረምት!
ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየ፤
ሁላችን ወደ ታች፣ እዚያው እርስ በርስ ተያየን።

«እኔስ ብያለሁ» አሉ ወይዘሮ ባንቻየሁ፣ «እንዲሁ የሚባል ጥሪ የለም፤
ይኸው ምክንያቱ ተገኘ።» ሌላ አልጨመሩም።
ክንዳቸውን ዘርግተው፣
ከግንባሬ ላይ፣ ከስንጥቁ ጫፍ፣
የቀረችውን አንዲት ሽምብራ አንሥተው
ቆረጠሟት።