አገልጋይ አትመስልም

ሳልሚያ፣ ከባሕሩ ኋላ፣ የቲያትር ቤቱ ምድር ቤት፤
የኔ ሥራ ልብስ ነው፦ መተኮስ፣ ማጠብ፣ ቁልፍ መስፋት።
የመርከብ አዛዡ ካባ፣ የዕንቁ ጠላቂው ሽርጥ፣
የሙሽራይቱ ቀሚስ፣ ጥልፉ በየማታው የሚላላጥ፣
ሁሉም በእጄ ያልፋል። ማን ፈርቶ እንዳላበው፣
ማን ረግቶ እንደተወነ ከልብሱ ብብት ነው የማነበው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ጦዝ የሚሉት አቧራ ሰማዩን የምስር ክክ አስመስሎት፣
ጋዜጣው መጣ፣ ሦስት ቅጂ። ዘበኛው በሁለት ጣት አንጠልጥሎት፣
የሞተ አይጥ ይመስል።
ገጽ ዐሥራ አራት። ሙኒር ነው የጻፈው፣
በማንም ደጅ ሳይነክስ ያላለፈው፦
«ጠላቂው ባሕር ቀርቶ ገንዳ የፈራ ድመት፣
ሙሽሪት ዋይ ዋይ ስትል ጥርስ የታመመች እመቤት፣
አዛዡስ? መርከቡን ትቶ፣ አልጋ ይሰጠው፣ ይተኛበት።»

ጃሲም ገጹን ቀደደው። ቀደደና መልሶ ቀጠለው፣
በፕላስተር፣ ዳግም ሊያነበው። ስድብም ሱስ አለው።
ኑሪያ ስልክ ደወለች። አልተነሣላትም። ደገመች።
የመልእክት መቀበያውን ዐሥር ደቂቃ ተራገመች፤
ከዚያ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ «ጥርሴን አላመመኝም» አለች።
ሻሂን፣ በር ላይ ቆሞ ሁለት ቃል የሚናገረው፣
ስሙ ስላልተጠራ ከሁሉም በላይ ተከፋ፤
«ለስድብ እንኳ አልበቃሁም?» ደጅ ወጥቶ አቧራ ተፋ።

አቡ ሚሽአል፣ አዛዡ፣ ሰባ ሁለት ዓመቱ፣
አላነበበም። ገጹን ጨምድዶ ከፊቱ፣
መድረክ ላይ በራሰው ጫማው ውስጥ ጠቀጠቀው። «ቅርጹን ይጠብቃል» አለ፤
«አርባ ዓመት ሙሉ፣ ከተቺዎቼ ጫማዬን ያልሞላ የለ።»
ሳቅን። ደስ አለን።
ሌሊት ግን፣ ሁሉ ሲሄድ፣ ካባውን ልሰቅል ስመለስ፣
መስታወቱ ፊት ቆሟል፤ እጁን ያነሣል፣ ያዝዛል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ቀስ...
ጫማው ባዶውን ነበር። ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ፣ እርጥብ፣ ለስለስ።

ስለ እኔም ነበረበት፤ ከታች፣ ከማስታወቂያው አናት።
ሰኞ፣ አገልጋይ የምትሆነዋ ልጅ ድንገት ጉሮሮዋ ዘጋባት፣
«ደብሪቱ፣ አንቺ ግቢ» አሉኝ፤ «ሻይ ይዘሽ፤ አትናገሪ፤
አስቀምጠሽ ውጪ።» ለዚህ ደግሞ ምን ሊያደርግልኝ አስተማሪ?
ዐሥራ አንድ ዓመት፣ ጃብሪያ፣ ሱራ፣ በሰው ሳሎን፣ አንገቴን ሰብሬ፣
ስንት ብርጭቆ አስቀምጫለሁ፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣ ትንፋሼን ቋጥሬ።

ሻሂን ነው ያገኘው፤ የራሱን ስም ሲፈልግ እኔን አገኘልኝ፤
አንድ ጊዜ በጋዜጣ ዐረብኛ፣ አንድ ጊዜ በእጁ እያሳየ አነበበልኝ፦
«ትሪ ይዛ የገባችው ማን ናት? ከየት አመጧት?
አገልጋይ ፈጽሞ አትመስልም። አረማመዷን ያየ ሰው
ቤቱ የእሷ፣ እንግዶቹ እኛ ነው የሚመስለው።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ኑሪያ ሮጣ እቅፍ አደረገችኝ፤
«ባለጌ ነው፣ አይዞሽ» አለች። ጃሲም ፕላስተሩን ሰጠኝ።
እኔ ግን መቀስ ነበር የፈለግሁት።
በጥልፍ መቀሴ፣ ዙሪያውን፣ ፊደል ሳልነካ ቆረጥሁት።
ጥቂት መስመር ነው። ከኋላው የመኪና ጎማ ማስታወቂያ አለ፤
ካውያውን ለብ አድርጌ ተኮስሁት፤ ሽብሽቡ ተደለደለ።

ልጅቱ ዛሬ ድናለች። ማታ ትመለሳለች።
ሽርጧን ሳስታጥቃት፣ «አንገት መስበሩን አስተምሪኝ» አለች፤
ሙኒርን ፈርታ ነው።
አሳየኋት፦ ክርን ወደ ውስጥ፣ ዐይን ከትሪው ላይ፣
ምንጣፉን እንደ ውሃ መርገጥ፣ ሰው ሳያይሽ፣ ሰው ሳታይ።
«አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አለችኝ። ትሪውን ይዤ ተነሣሁ፤
አልሆነልኝም። በየት በኩል ይሰበር እንደነበር አንገቴ፣
ረሳሁ።