የቶንካ ጠረጴዛ

ክራፓኝ ደሴት ላይ፣ ከወደቡ ጀርባ፣
ጨው በበላው በሯ ጎንበስ ብዬ ስገባ
ቶንካ ቀና አላለች፤
መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አንጠልጥላ
በካቻቢቴዋ ታወጣለች ሞላ።
«አስቀምጠው» አለች።
አስቀመጥኩት። እጄ ገና ይንቀጠቀጣል፤
ከሬጉሌተሩ ቱቦ ባሕር ጠብ ጠብ ይላል።

ምን ብዬ ልንገራት?
ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳልከፈትኩት?
ባለፈው መስከረም «ኧረ ደህና ነው፣ ይሠራል» እንዳልኩት?
የጥገናውን ብር ለወይን እንዳዋልኩት?
ይሠራል! ስንቱን ሰው የቀበረ ቃል፤
እስኪቆም ድረስማ ሁሉም ይሠራል።

ዛሬ ጠዋት ነበር፤ የየካቲት ውኃ፣ ሃያ ስምንት ሜትር።
ሺሜ ከፊት ቀድሞ፣ እኔ ከኋላው፣
የሰመጠች ጀልባ ጎን ይዤ ሳሰላው
የቀረኝን አየር፦ መቶ ሃያ ባር፣
እንደ ሁልጊዜው፣ ምንም ነገር ሳይኖር።
ድንገት
አፌ ውስጥ ዐውሎ ነፋስ ተነሣ፤
ሳል ሆነ፣ ጩኸት ሆነ፣ ነጭ አረፋ ሆነ፤
ሺሜም፣ ጀልባዋም፣ እጄም ተሸፈነ፤
መርፌው ሲወርድ አየሁ፦ መቶ፣ ሰማንያ፣ ስልሳ።

ልቤ «ወደ ላይ!» አለኝ። ላይ ብርሃን ነው፤
ብርሃንም ይገድላል ቸኩሎ ለመጣው።
ያኔ ትዝ አለኝ ያ አሰልቺ ልምምድ፣
በበጋ፣ ገንዳ ውስጥ፣ መቶ ጊዜ ስንወርድ፣
ሺሜ ሲያላግጥ፣ እኔ ስነጫነጭ፦
ቁም። አስብ። ከንፈርህን አትግጠም፤ ከምንጭ
ውሻ ውኃ ጠምቶት እንደሚጠጣ
ዳር ዳሩን ላስ እንጂ፤ የተረፈው ይውጣ።

መብራቴን ወዘወዝኩ። ሺሜ ዞር ብሎ አየኝ፤
ምንም አልጠየቀኝ፤
ቢጫውን ቱቦ፣ ትርፍ እስትንፋሱን፣ አፌ ውስጥ አስያዘኝ።
የሲሊንደሬን ቫልቭ በጓንት እጁ ዘጋ፣
ያ ሁሉ ጩኸት ረጋ።
ክንዴን ጨብጦ ወጣን፣ በዝግታ፣
አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆይታ፤
ሁለታችን ከአንድ ጋን እየጠጣን፣
ዐይን ለዐይን ተያይተን፣ ሳቅ ሳቅ እያለን።

ቶንካ ፈታችው።
አረንጓዴ ዝገት። እንደ ዘቢብ የተኮማተረ ጎሚኒ።
ከቫልቩ መቀመጫ ላይ፣ ከሰናፍጭ ያነሰች፣
አንዲት የጨው ጠጠር በጥፍሯ አነሣች።
«ከዳኝ» አልኳት።
ካቻቢቴዋን አስቀመጠች።

«አልከዳህም» አለች። «አንተ ነህ የካድከው።
ይህ ዕቃ ሲበላሽ መንፈግ አያውቅም፤ ያለውን ሁሉ ነው
እስኪያልቅ የሚሰጠው። እንዲያ ነው የሠሩት፣
ሲሰበር እንዲከፈት እንጂ እንዳይዘጋ አስበውለት።
የአባቴ ግን...»
ወደ መስኮቱ ዞረች።
«ሰፍነግ ለቃሚ ነበር፤ የመዳብ ቆብ፣ የእርሳስ ጫማ፤
እናቴ ጀልባው ላይ ፓምፑን ስታዞር፣ መዳፏ እስኪደማ።
አንድ ቀን ቱቦው ውኃ ውስጥ ተቀደደ፤
አየሩ ወደ ባሕር፣ ወደ ከንቱ ሄደ።
እናቴ ከላይ አረፋውን ታያለች፤
‹እየተነፈሰ ነው› ብላ እጀታውን ታዞራለች።
ለማይተነፍስ ሰው አየር ስትልክ ዋለች።»

አዲስ ጎሚኒ ቀባች፣ በጣቷ ጫፍ ገጠመች፤
ሞላውን መለሰች፤
አፏ ላይ አድርጋ አንዴ፣ ሁለቴ ሳበች፤
ሂሳቡን በወረቀት ጽፋ ወደ እኔ ገፋች።
ልወጣ ስል፣ ቀና ሳትል፣
«የዚያ የጓደኛህስ» አለች፣
«ሁለታችሁ የተነፈሳችሁበት፣
መቼ ነው የተከፈተው?»

ሺሜ ወደቡ ላይ ሰርዲን ይጠብሳል፤
ሬጉሌተሩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።
ጠየቅኩት። ዓሣውን ገለበጠ።
«ኧረ ደህና ነው» አለኝ፣ «ይሠራል።»

ምንም አልመለስኩም፤
ቢጫውን ቱቦ ከነእርጥበቱ ትከሻዬ ላይ ጣልኩና
ወደ ሰማያዊው በር ተመለስኩ እንደገና።