ሁለት ድንጋይ

ቺምቦቴ ሲነጋ በዓሣ ጭስ ታፍኖ፣
ጀልባው ይመለሳል እስካፉ በአንቾቪ ተጭኖ።
እኔም በር ላይ ቆሜ ስሜን አስጠራለሁ፤
አምሳ አምሳ ኪሎ ጆንያ ስሸከም እውላለሁ።
ዓሣው ዱቄት ሆኖ ባሕር ማዶ ይገባል፤
የማላውቀው አገር የማላውቀው አሳማ በሱ ይደልባል።

አሳማውን ጠልቼ አይደለም። ይብላ።
ግን ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
እህቴ ኔሊዳ አለች፣ የስድስት ወር እርጉዝ፤
ቁርሷ ሻይ፣ ምሳዋ ሻይ፣ እራቷ ሲበዛ ሩዝ።
ባሏ ኤዴር ወርቅ ሊቆፍር ተራራ ላይ ወጣ፤
አንድ ቀን ደወለ። ሳንቲሙ ግን አልመጣ።

"በልተሻል?" እላታለሁ። "በላሁ" ትለኛለች።
"አንተስ?" ብላ ደግሞ ወደኔ ታዞራለች።
የፋብሪካ ምሳዬን በፌስታል ፊቷ አስቀምጬ፣
"እኔማ እዚያው ጠገብኩ" እላለሁ፣ ወሬውን ለውጬ።
ሁለት ውሸታሞች፣ ያንዲት እናት ልጆች፣
አንድ ሳህን ሾርባ ሲገፋፉ ያመሹ እጆች።

ማክሰኞ የሚዛን ቀን ነው። ጤና ጣቢያው ደጃፍ
ነፍሰ ጡር ይሰለፋል፣ ካርዱን ይዞ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።
አዋላጇ ግሪማኔሳ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ
ቁጥር ትጽፋለች፤ ካነሰ በቀይ ቀለም፣ ሰው ፊት፣ ሳትሰጋ።
የኔሊዳ ቁጥር ግን ጥቁር ነው ሁልጊዜ፤
ካርዷን ሳይ ለሳምንት ይረግብልኝ ነበር ትካዜ።

እስከዚያ ቅዳሜ።
ሹራቧን ላጥብላት ከወንበሩ ሳነሳው
ከበደኝ። ጆንያ ለለመደው ለኔ ክንድ፣
ሹራብ! እጄን ኪሱ ውስጥ ብሰድ፣
ሁለት የባሕር ዳር ድንጋይ፤ በቀኙ አንድ፣ በግራው አንድ።

በየማክሰኞው ድንጋይ ታረግዝ ኖሯል ማለት ነው፣
ከልጇ ጎን ለጎን።
ቀዩን ቀለም አፍራ ነው?
ወይስ እኔ እንዳልሰጋ፣ እኔን ብላ ነው?

አልጮህኩም። ድንጋዮቹን ወደየኪሳቸው መለስኩ፤
ወንበሩን ሹራቡን እንደነበረ አለበስኩ።

"ነፍሰ ጡር ፊት ማግሳት ጡር አለው" ይባላል።
ይሄ ሁሉ ዓሣ በደጇ ሲያልፍ፣ ጡሩ ለማን ይጻፋል?

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነሳለሁ፤
የሽማግሌውን የአቡንዲዮን ጀልባ አጥባለሁ።
ደመወዜ አንድ ባልዲ ነው፤ የተረፈ፣ የተላጠ፣
አንዳንዴ ገና የሚዘል፣ አንዳንዴ ጭንቅላቱ የተቆረጠ።
ለኡባልዲናም ነገርኳት፣ የሰፈሩን የጋራ ድስት ለምታማስለው።
ምንም አላለች። ለኔሊዳ ስትጨልፍ ግን
ጭልፋዋ ከሥር ነው፤ ምስሩ ከሚተኛበት ነው።

"ግማሹን አንተ ብላ" አለችኝ እህቴ አንድ ማታ፤
"አለዚያ አልነካውም"፣ ሳህኑን ወደኔ ገፍታ።
በላሁ። እውነት በላሁ። አጥንቱን እስክንጠባ
ሳንነጋገር በላን፤ ውሻው ተስፋ ቆርጦ ጎረቤት ገባ።

ትናንት ማክሰኞ ነበር።
ድንጋዮቹን መስኮቱ ሥር አገኘኋቸው፤
ሹራቡ ባዶ ኪሱን ሄዶ ነበር።

በር ላይ ጠበቅኋት። ካርዷን ዘረጋችልኝ፦ ቀይ።
"ይኸው" አለች፤ "እውነቱ ይሄ ነው፣ እይ።"
በሌላ እጇ ፌስታል፤ የዱቄት ወተት፣ አጃ፣ የብረት ክኒን።
ለካ በቀይ ለተጻፈላት ሁሉ ይታደላል፤
ለካ ሦስት ወር ሙሉ የልጇን ድርሻ ድንጋይ በልቶታል!
ልትስቅ ጀመረች። ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ።
እኔም የምለው ጠፍቶኝ አጃውን ተቀበልኳት፣
ክብደቱን በእጄ መዝኜ፤ የለመድኩት እሱን ነበረ።

ድንጋዮቹ አሁን መስኮቱ ላይ ናቸው፤
ንፋስ ሲመጣ መጋረጃ ይይዛሉ፣ ሌላ ሥራ የላቸው።
ጭሱ ግን ዛሬም ይገባል።
ኔሊዳ ባንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ
"ያሳማህ ምሳ ደረሰ" ትለኛለች፣
በሌላው የኛን ድስት እያማሰለች።