ሐረግ ቆጠራ

ካሳ ገማቹ መጣ፣ ቅጹን አነጥፎ፣
ቀይ ቀለም በነካው ግንባችን ተደግፎ።
«ስንት ክፍል?» አለኝ። «ሦስት» አልኩት፤ ጻፈ።
«ማድቤት?» «አንድ።» ጻፈ። ሽንት ቤቱን አለፈ።
ቀና ሲል ግን አየው፦ ከጓሮ ተነሥቶ፣
ቆርቆሮውን ታኮ፣ ጎረቤት ገብቶ፣
በመብራት እንጨት ላይ የተጠመጠመ።
«ይሄ ሐረግ ስንት ዓመቱ?» ብሎ ቆመ።

ዕድሜ የሚጻፍባት ሳጥን አንድ ጣት ናት፤
አራት ትውልድ ሙሉ እንዴት ልክተትባት?

ወልደሰንበት ይባላል የእናቴ አያት፤
በርሜል ሠሪ ነበር ከሙሴ ያኒ ቤት፤
እዚሁ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዳገቱ ሥር፣
ጣውላ በእሳት ሲያጎብጥ፣ በብረት ሲያስር።
ወሬው እየከፋ ጣሊያን ሊገባ ሲል፣
ግሪኩ ጓዙን ጫነ፣ ደሞዙን ሳይከፍል።
በሦስት ወር ላብ ፈንታ፣ በጆንያ ጠቅልሎ
አንድ እርጥብ እንጨት ሰጠው፣ «ካባቴ ደሴት» ብሎ።
«ደሞዜ ጭራሮ!» እያለ፣ እየተሳደበ፣
ተከለው በሌሊት፣ ውሃ እየቀለበ።

በአራተኛው ዓመት ሐረጉ ሲያፈራ
ሚስቱ ውድነሽም ወለደች በተራ።
ስም ፍለጋ አልዞረ፤ ጓሮውን ብቻ አየ፤
«አስካለ» ሲል ዘለላን ከልጁ አልለየ።

አስካለ፣ አያቴ፣ ምድር ቤቱን ከፍታ፣
የአባቷን በርሜሎች ግድግዳ አስጠግታ፣
በሩ ላይ በኖራ ስሟን ጻፈችበት፤
ሹፌር፣ ልብስ ሰፊ፣ ጸሐፊ መጣበት።
ካንድ ሐረግ ፍሬ ሁለት እንስራ ቢወጣ፣
የቀረው ዘቢብ ነው፣ ከመርካቶ የመጣ።
እውነቱን ልናገር፦ ጎምዛዛ ነበረ።
ቢሆንም የጠጣው፣ ፊቱን እየቋጠረ፣
«ድገሚኝ» ይላታል፤
ዱቤው በግድግዳው በከሰል ይሠመራል።

ስልሳ ሰባት ገባ፤ ምድር ቤቱ «ትርፍ» ተባለ፤
ቁልፉ ቀበሌ ሄደ። ላይኛው ለእኛ ዋለ።
በርሜሉ ላምባ ያዘ፤ ሰልፉ እስከ አስፋልት።
አስካለም ተሰለፈች፣ በገዛ ደጇ ፊት፤
አንድ ሊትሯን ተቀብላ፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ
«ወይኔ!» አለች፣ ድምፅ አውጥታ።
አዘነላት ሰልፈኛው።
እሷ ግን፣
በስሙ ነበር የጠራችው።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ሐረጉን ማን ገረዘ?
ጣራ ላይ ወጥቶ ተኛ፤ የባንዲራ እንጨት ያዘ።
እናቴ ዘነበወርቅ፣ ዘመን ሲለወጥ፣
መሰላል ተውሳ ወጣች፤ ዋለች ስትቆርጥ፣ ስትቆርጥ።
ቁልፉን መለሱልን፤ በርሜሎቹን ግን አላዳናቸው፤
ላምባ የጠጣ እንጨት ወይን አይመልሰው።
ከዚያ ወዲህ ፍሬው የወፍ፣ ቅጠሉ የማዳም አኒ፣
ለዶልማ ስትለቅም፣ እኔን «ያዢልኝ» ስትለኝ፣ ሕፃኒቱን እኔን።

ይህን ሁሉ አልነገርኩትም።
«ሰማንያ ስምንት» አልኩት።
ሳቀ። ሳጥኗ ውስጥ «ባለ ፍሬ፣ አንድ» ብሎ ሞላ፤
ዋጋውንም ጻፈ፦ ካንድ የታክሲ ጎማ ያንሳል። ፈረምኩ።

ማታ መቀስ ይዤ ወጣሁ፤ አንድ ክንድ ያህል ቆረጥኩ።
እርጥብ ጆንያ ፈለግሁ፤
የዛሬ ጆንያ ሁሉ ላስቲክ ነው፣ ውሃ አይዝም።
የእናቴን ሹራብ ነከርኩ፣ ጠቀለልኩት፤
እጅጌውን በእጅጌው አሰርኩት።

የት እንደምተክለው አላውቅም። የደረሰን ቤት
አራተኛ ፎቅ ነው ይላሉ፤ ቁጥሩ ገና ነው፣ ዕጣው ብቻ ነው የወጣው።

ፒያሳ ላይ ታክሲ ያዝኩ፣ ጉልበቴ ላይ አስተኝቼው፤
ጫፉ ከሹራቡ ወጥቶ የሰውዬውን ጋዜጣ ነካው።
ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝ፣ ከዚያ እሱን አየው፤
«እህት፣ ለጭራሮውም ይከፈላል» አለ።

ከፈልኩለት።