የማን አባት?

ጦሳ ጭጋጉን ሲለቀው፣ አጥሩን ከነበሩ ሲውጠው፣
ትምህርት ቤቱ እዚያው መኖሩን ደወል ነው የሚያረጋግጠው።
ከሸዋ በር ሽቅብ፣ ከበሩ ማዶ፣ አሥራ አንድ በልግ፣
ዱካ ላይ ነኝ፤ ሶል ስሰፋ፣ የጃንጥላ አጥንት ሳቃና፣ ክር ስፈልግ።

ሌላም ሥራ አለኝ፤ ንግድ ፈቃድ የማይወጣበት፣
ወላጅ መሆን ነው፣ ተማሪው ወላጁን በሸሸበት።
"ወላጅ ይዘህ ና" የተባለ፣ ቦርሳውን በደረቱ አቅፎ፣
ከፊቴ ይገተራል፣ ዓይኑን ጫማዬ ላይ ለጥፎ።
"ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ..."
እሺ። አጎትነት በሃያ ብር፣ በሠላሳ አባት፤
ለአርፋጅ ቅናሽ አለው፣ መስኮት ለሰበረ ጭማሪ አለበት።

ኮቴን ከሚስማሩ አውርጄ፣ አቧራውን አራግፌ፣
ማስቲሽ የበላው እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ዘበኛውን አልፌ፣
ከዩኒት ሊደሯ ቢሮ ራሴን እየነቀነቅሁ ቆሜ
"ቤት እንገናኝ!" እላለሁ፣ የምር ፈልቶ ደሜ።
አንዱንማ ጆሮውን ቆነጠጥኩት፣ አባቱ መሆኔን አምኜ፤
እሱም የምር አለቀሰ። ሠላሳውን መለስኩለት አዝኜ።

እውነተኛ ወላጅም አይጠፋም፤ ሰኞ፣ ከገበያ መልስ፣ እግረ መንገዱን፣
ዶሮውን ለዘበኛው አስይዞ፣ እኔን ይጠይቀኛል ልጁ ስንተኛ ክፍል መሆኑን።
እነግረዋለሁ። አውቃለሁና።
ባለፈው ወር አባቱ እኔ ነበርኩና።

ዘምዘም የምትባል ነበረች፣ ከሰባተኛ ሐ፤ እናቷ
ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፤ ሌሊት ነው ሰዓቷ።
ጎህ ሲቀድ በሰርቪስ ትመለሳለች፣ ቅንድቧ ጥጥ ለብሶ።
"እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ነው" አለችኝ ልጅቷ፣ ድምጿ አንሶ።
የተጨማደደ ብር ቆጥራ ዘረጋችልኝ፤ አልተቀበልኳትም።
ውሸት ነው። አሥሯን ተቀብያለሁ። ዛሬም አልረሳኋትም።

ነስሩ፣ የኔው ልጅ፣ እዚሁ ነው፤ ስምንተኛ ለ።
በበሩ ሲያልፍ አያየኝም፤ እኔም እንዳላየሁ፣ ወደ ወስፌዬ።
ማን እንደጀመረው እንጃ። ሳንነጋገር የተስማማነው ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ያካፋ ነበር። ቀና ስል
አራጋውን አየሁት፤ ፖስታ ቤት ጥግ ሚዛን ዘርግቶ
"ኪሎዎን ይወቁ!" የሚለውን አራጋው፣
ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣
በበሩ ሲገባ፣ አባት መስሎ፣ ደረቱን ነፍቶ።
"ተፎካካሪ መጣብኝ" ብዬ፣ ሳቄ ሳያልቅ፣
ከኋላው የሚከተለውን ልጅ ጫማ አየሁ።
ግራ ተረከዙ በቀይ ክር የተሰፋ።
ጥቁር ክር ያለቀብኝ ማታ
በቀይ የሰፋሁት።

ማታ ሽሮው መሀላችን ቀዘቀዘ።
"ትምህርት እንዴት ነው?"
"አልሐምዱሊላህ።"
"አራጋው ስንት አስከፈለህ?" ልል ነበር፤
የገበያ ክርክር መሰለብኝ። ዋጥኩት።

በነጋታው ኮቴን ከሚስማሩ ላይ ተውኩት።
በሥራ ሽርጤ ገባሁ።
መምህርት እቴነሽ ከመዝገቧ ቀና ሳትል፣
"ዛሬስ የማን አባት ነዎት?"
"የነስሩ።"
"የነስሩማ አባት ትናንት መጡ። ፈርመዋልም።"
አሳየችኝ። የሚያምር ፊርማ ነው፣ ጭራ ያለው።
ዝም ብዬ ቆምኩ።
ያን ጊዜ ቀና አለች። እጄን አየች። ፊቴን። እንደገና እጄን።
ወንበር ሳበችልኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ።

"ጃንጥላ ይሰብራል" አለች ቀስ ብላ። "የክፍል ጓደኞቹን፤
በዚህ ወር ብቻ አራት። ለምን ቢባል አይናገርም።"

አራት።
አንዱ እጀታው የዳክዬ አንገት፣
አንዱ አበባማ፣ ሁለቱ ጥቁር።
አራቱንም ጠግኛለሁ።
በዚህ ወር ዘይት ገዝተናል፤ ሙሉ ሊትር።

"እዚህ ጋ" አለች፣ የቀለሙን ሣጥን አስጠግታ።
ከአራጋው ፊርማ ሥር አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።
ላነሣው ስል ወረቀቱ ተከተለኝ።
ማስቲሹ ነው።