ቀይ ቁጥር

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ጎማ ከሚይዘው ከጥቁሩ ጭቃ፣
አንዲት ክፍል አለችኝ በዕቁብ የቆመች፣
ግማሿ ቆርቆሮ፣ ምርጊት የጎደለች።

ማክሰኞ ከሰዓት ከወረዳ መጡ፣
በሬ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር አስቀመጡ።
ከዚያ ወዲህ፣
ሲኖትራክ ባገሣ፣ «ግሬደር ነው» እያልኩ፣
ስንት ሌሊት ልጄን ካልጋ አንሥቼ ታቀፍኩ።

«በግብጽ» አልኩት እግዜርን፣ በጨለማ ስሟገት፣
«ሞት ያለፈው አይደል ቀይ የተቀባ ቤት?
የኔውን ምን ነካው፣ አፍራሽ ሚጠራበት?»
መልስ የለም።
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ብቻ ወረደ።

በማግስቱ ሽብሬን፣ ያቺን ጎረቤቴን፣
(የቤቷ ቀይ ቁጥር ይከተላል ቤቴን)
አጎንብሳ አየኋት ጎመን ስትዘራ፤
«ማን ሊበላው?» አልኳት፣ ሆዴ እየፈራ።
«እንጃ፤ ብቻ» አለችኝ፣ እጇ አፈር እንዳለው፣
«ብሩሹ የሰው ነው፤ ዝናቡስ የማን ነው?»

ቁጥሩ ዛሬም አለ፣ ዝናብ አላጠበው፤
ፍርሃቴም ከጎኔ ገና ነው የሚያድረው።
ብቻ ትናንት ሌሊት፣ ሲኖትራክ ሲያገሣ፣
አዳመጥኩት ተኝቼ፣ ልጄን ሳላነሣ፤
«ያንተ ነን» አልኩና፣ እኔም እሷም ቤቱም፣
ዞርኩ ወደ ግድግዳው።
ሲነጋ አልሰማሁም።