ነጠላ ሰረዝ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ

ድሮ ይህ ዳገት ለእኔ አንድ አረፍተ ነገር ነበር፤
ከፖስታ ቤቱ ደጅ ተነሥቶ ማዘጋጃው ሰዓት ሥር የሚያድር፣
ያለ ነጠላ ሰረዝ፣
ያለ ምርኩዝ፤
እጄን ኪሴ ከትቼ፣ መሐሉን የማላውቀውን ዜማ እያፏጨሁ፣
የታክሲዬን ሳንቲም ለማኪያቶ እያስቀረሁ።

አራሚ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት፣
ከምስር ጠጠር እንደሚለቅም፣ የሰው ስሕተት
ስለቅም የኖርኩ።
አሁን ዳገቱ እኔን ያርመኛል፤
እዚህ ጋ ቁረጥ፣ እዚህ ጋ ቁም ይለኛል።

በዚያ ሰው ሁሉ አፉን በሸፈነበት ዓመት
ዐሥራ ስድስት ቀን ሳልኩ፣ ሦስቱን ሌሊት
በሰው ሲሊንደር ተነፈስኩ።
ከዚያ ዳንኩ።
ዳንክ አሉኝ፤ ጎረቤት በየተራ መጥቶ «እንኳን ማረህ» አለኝ፤
ዳማከሴ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጸበል፣ ሁሉም የየራሱን ሰጠኝ።
ይኸው አራተኛ ዓመቴ፣
ያልተመለሰው ጉልበቴ።

ሐኪሟ ወረቀቱን አየች፤
«ሳንባዎ ንጹሕ ነው። ልብዎም ንጹሕ። ደምዎም ንጹሕ» አለች።
ታዲያ ይህ ገላዬ ላይ የተሰመረው
ቀይ እስክሪብቶ የማነው?

ትናንት ሥራ ቦታ «መቀስ» የሚለው ቃል ጠፋኝ።
በሁለት ጣቴ አየሩን ቆረጥኩ። ሳቁብኝ።
እኔም ሳቅሁ፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ ድረስ፤
እሱም ሩቅ አይደል ለመድረስ።

ቤት ስገባ ቁሌቱ የተቃጠለ ጎማ ጎማ ይለኛል።
ለብርዛፍ አልነገርኳትም፤ እጄን ታጥቤ እቀርባለሁ፣ ይበላል።
አንድ ማታ ግን ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ቀረበ።
ቀና ብዬ አየኋት፤ ዐይኗ ሳህኑ ላይ ነበር።
ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ባለፈው ወር ደግሞ እንደምንም ፒያሳ ወጥቼ
ጋሽ ኅሩይ ሱሪዬን የሚያሳጥሩባትን ጠባብ ሱቅ ፈለግሁ፤
ዶሮ ማነቂያን ፈለግሁ።
ሣር አለ፣ መብራት አለ፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ፤
ሰፈሩ የለም።
ልቤ ደነገጠ፦ ይሄም ከጭንቅላቴ ወጥቶ ጠፋ? ይሄንም ረሳሁ?
አላፊውን ልጅ እጁን ይዤ ጠየቅሁ።
«ፈርሷል እኮ» አለኝ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ።
ፈርሷል! እውነት ፈርሷል! ደስ አለኝ።
ሁለት እርምጃ ሄጄ
በደስታዬ አፈርኩ።

ዛሬም ከፖስታ ቤቱ ተነሣሁ።
መጀመሪያ ስልኬን አውጥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ፤
ማንም ላልደወለበት «እሺ… እሺ… መጣሁ» አልኩ።
ቀጥሎ የባህል ዕቃ መደብሩን መስኮት ተጠግቼ
እንደ ቱሪስት የእንጨት ቀጭኔ ዋጋ አጠናሁ።
አላፊው ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ይህ አይገርመኝም፤
የሚገርመኝ እኔም ጤነኛ መምሰሌ ነው፣
መምሰሉ የሚያደክመኝ።

ከቴዎድሮስ አደባባይ እልፍ ብሎ ምንውየለት አለ፣
ሊስትሮ፤ ሣጥኑ ላይ የእግር ኳስ ቡድን የለጠፈ።
ከርቀት አይቶኝ በርጩማውን ወደ ጥላው ሳበ።
እግሬን ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩ፣ ጫማዬን አየ።
ትናንት ራሱ የጠረገው ነው። አቧራም የለው።
«ጋሼ፣ ጫማዎ ንጹሕ ነው» አለኝ፤
ብሩሹን አስቀመጠ፤
«ግን ይቀመጡ።»

ገንዘብ አልተቀበለኝም ብል ውሸት ነው፤ ተቀበለ።
ለአንድ ነጠላ ሰረዝ ሃያ ብር
ውድ አይደለም።

ቁጭ ብያለሁ። ታክሲው ይጮኻል፣ ተማሪ ከሊሴ ይወጣል፤
ከላይ የማዘጋጃው ሰዓት የራሱን ይቆጥራል።
ከዚህ ቀጥሎ አጥር አለ፣ ከዚያ አንድ ዛፍ፣
ከዚያ፣